የፈትል አዳራሹ የቀዘቀዘበት ግንቦት

ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ አድጌ፣ ሙቀት ከበደኝ ብል ማንም አያምነኝም። እኛ ሙቀትን የምናውቀው እንደ ጎረቤት ነው። በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት እሠራበት በነበረው ክር ፋብሪካ ውስጥ ግን፣ በአዲሱ የፈትል አዳራሽ ያየሁት ሙቀት የምናውቀው ዓይነት አልነበረም። ውጭ ቢያንስ ጥላ አለ። እዚያ ውስጥ ጥላ የለ፣ ነፋስ የለ፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ የጥጡ ብናኝ ላብ ላይ ይለጠፋል፣ ክሩ ደግሞ እንደ ደረቀ ሣር ቀጭ ቀጭ እያለ ይበጠሳል።

ክር የሚበጠሰው አየሩ ሲደርቅ ነው። ጥጥ እርጥበት ይወዳል፤ ሲያጣ ይሰባበራል። ለዚህም ነበር አዲሱ አዳራሽ ሲሠራ ከውጭ አገር አንድ የአየር መቆጣጠሪያ የተገዛው። ጣራው ላይ ትልልቅ ማራገቢያዎችና ውኃ የሚረጩ ቱቦዎች፣ ግድግዳው ላይ በራሳቸው የሚከፈቱና የሚዘጉ መስኮቶች ነበሩት። በየምሰሶው ላይ ደግሞ ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚለኩ ትንንሽ ግራጫ ሣጥኖች ተሰቅለዋል። ሁሉም ሣጥኖች በአንድ ሽቦ ተያይዘው፣ ፎቅ ላይ በመስታወት በታጠረች ክፍል ውስጥ ካለው ዋና ሰሌዳ ጋር ይገናኛሉ። ሰሌዳው እያንዳንዱን ሣጥን በቁጥሩ ይጠራል፤ ሣጥኑ ያለበትን ሁኔታ ይመልሳል፤ ሰሌዳውም በዚያ መሠረት ማራገቢያውን ያዛል፣ ውኃውን ይከፍታል፣ መስኮቱን ይዘጋል። የሰው እጅ አያስፈልገውም ተብሎ ነበር።

መቆጣጠሪያውን የተከሉት የውጭ ባለሙያዎች ውላቸው ሲያልቅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ተጣድፈው፣ የተበላሹ ሁለት ሣጥኖችን በመለዋወጫ ተክተው፣ እጃችንን ጨብጠው ነበር የተለያየነው። የተዉልን መመሪያ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ከኛ መካከል ውጭ አገር የተማረው የጥገና ክፍል ኃላፊያችን ብቻ ነው፤ እሱም የተማረበት አገር ቋንቋ ሌላ ነው። የሐረር ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናደድ እንኳን የሚስቅ የሚመስል ሰው። እኔ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሬ የተመለስኩ፣ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት።

ሚያዝያ ሲገባ አዳራሹ አበደ። አንድ ጊዜ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሌላ ጊዜ ማንም ሳይጠብቅ ከጣራው ውኃ ይነሰነስና ክሩ ረጥቦ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል። ሁለት ፈታዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። አንዷን እኔው ነኝ ደግፌ ያወጣኋት፤ ስስ ቀሚሷ፣ ድሪያዋ፣ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ቀና ስትል የጠየቀችኝ ስለራሷ አይደለም።

«ማሽኔን ማን ያዘልኝ?» አለችኝ።

ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም።

በዚያው ሳምንት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። የፋብሪካው ካድሬ መድረኩ ላይ ወጣ። ወጣት ነበር፤ ድምፁ ግን ከዕድሜው ይበልጣል። ስለ ኮታችን ተናገረ፣ ስለ ወደቀው ምርት ተናገረ፤ ከዚያም ሁላችንም የፈራነውን ቃል አመጣው።

«ጓዶች፣ ይህ የማሽን ብልሽት ብቻ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አሻጥር አለ!»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል አንዴ ከተነገረ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። የሚያርፍበት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማሽኑን የሚነካው የጥገና ክፍል ነው። ኃላፊያችን አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት።

እጄ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። ብቻ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«ጓድ፣» አልኩት ካድሬውን፣ «ሰው አይደለም የሚያበላሸው። ማሽኖቹ ሁሉ የቆሙበት አንድ ቀን ይሰጠን። አዳራሹ ጸጥ ካለ ምን እንደሆነ እናገኘዋለን።»

«ካላገኛችሁትስ?» አለ ካድሬው።

ልመልስ ስል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቀድሞኝ ተናገረ። ሸበቶ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

«እሑድን ውሰዱ፤» አለ። «ኮታው ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። «አፍሽ! አፍሽ ነው ይህን ሁሉ የሚያመጣብሽ! ዝም ብለሽ ብትቀመጪስ?» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን እራቴን አቀረበችልኝና፣ «ብዪ፤ ባዶ ሆድ ሽቦ አይፈታም፤» አለችኝ።

ከእሑዱ በፊት አንዲት ሰው ማናገር ነበረብኝ። የፈትል ክፍሉ የተረኞች አለቃ ናት፤ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለችው የቢዮ አዋሌ ተወላጅ፣ በዕድሜ የገፋች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር ሴት። ሁላችንም አዴ እንላታለን፤ ኦሮምኛ የሚናገሩት አክብረው እንደሚጠሯት። ስትናገር ኦሮምኛውንና አማርኛውን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ ማንም ግን አይቸገርም። ድሬ እንደዚያ ነው የምንነጋገረው።

«አዴ፣ ውኃው መቼ ነው የሚመጣባችሁ?» አልኳት።

«መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ወላሂ ሲፈልግ ነው።» አሰብ አደረገችና ቀጠለች። «ግን... መኪና ሲመጣ ይመስለኛል። እዚያ ማዶ፣ መጠቅለያው ጋ፣ ለመጫን ትልቁን በር ይከፍቱታል። ያኔ እኛ ላይ ይዘንባል። ሲዘጉት ደግሞ ይጠፋል። ይሄ ጅን ነው ወይስ ምንድን ነው?»

ክሩ በካርቶን የሚታሸግበት መጠቅለያው ክፍል ከፈትሉ ብዙ ይርቃል፤ በመካከል ሌላ ክፍል አለ። የዚያ በር መከፈት የኛን ውኃ የሚያዝበት ምክንያት አልታየኝም። ነገር ግን የምጀምርበትን ቦታ ሰጠችኝ።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ገባን፤ ኃላፊው፣ እኔና አዴ። አዴን ማንም አላዘዛትም፤ «እኔ ቤቴ ተቀምጬ እናንተ ፈትል ቤቴን ስትከፍቱት?» ብላ ነው የመጣችው። ጸጥታው ይገርም ነበር። ለወትሮ ጆሮ ላይ ካልጮኹ በማይሰማበት ቦታ የጫማችን ድምፅ ይሰማል። ኃላፊው ፎቅ ላይ ወጥቶ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እያንዳንዱን ሣጥን እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። እርጥበት ሲሰማው ሰሌዳው ላይ የራሱ ቁጥር ከፍ ማለት አለበት። አዴ መሰላሉን ትይዛለች፣ ጨርቁን እየነከረች ታቀብለኛለች።

«አንደኛው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንድ ተነሳ!» አለ ከላይ።

«ሁለተኛው!»

«ሁለት ተነሳ!»

እንዲህ እያልን ባዘቶ የሚዘጋጅበትን ክፍል ጨረስን። ሁሉም ልክ ነው። ፈትል ክፍል ገባን፣ አምስት ልክ ነው። ስድስተኛው ምሰሶ ላይ ወጥቼ ጨርቁን አለበስኩት።

ከላይ መልስ የለም።

«ስድስት!» አልኩ ደግሜ።

«አቦ፣ ምንም የለም! ዝም ብሏል!»

ጨርቁን በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩት፤ ውኃው በክንዴ ወረደ። ስድስት አልተንቀሳቀሰም። ከመሰላሉ ወርጄ ቀሪዎቹን ፈተሽን፤ ደህና ናቸው። በመጨረሻ መጠቅለያው ክፍል ደረስን። እዚያ ያለው ሣጥን አሥራ ሁለተኛው ነው። ጨርቁን አለበስኩት።

«አሥራ ሁለት!»

«አሥራ ሁለት ዝም! ቆይ... ቆይ፣ አንቺ ልጅ! ስድስት ተነሳ! ስድስት ነው የሚወጣው!»

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ሳቄ መጣ። አዴ ከታች «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። ምን ሆንኩ ልበላት! መጠቅለያው ክፍል ያለው ሣጥን «ስድስት ነኝ» ይላል። ፈትል ክፍል ያለውም «ስድስት ነኝ» ይላል። ሰሌዳው ስድስት ብሎ ሲጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ መጠቅለያው ለሰሌዳው ቅርብ ስለሆነ የሱ ድምፅ ይቀድማል። በር ተከፍቶ መጠቅለያው ሲደርቅ፣ ሰሌዳው ፈትሉ የደረቀ መስሎት እዚያ ውኃ ይለቃል። መጠቅለያው ደህና ሲሆን ደግሞ፣ ፈትሉ በሙቀት ሲቃጠል ሰሌዳው ምንም አያውቅም። ሁለቱም ባለሙያዎቹ ሊሄዱ ሲጣደፉ ቁጥራቸውን ሳይለዩ የተኳቸው ሣጥኖች ናቸው።

አሁን የቀረው የሣጥኑን ቁጥር መቀየር ነው። እንዴት? ካቻቢቴዬን አውጥቼ ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አራት መቀያየሪያዎች ተደርድረዋል፤ ከፊሎቹ ወደ ላይ፣ ከፊሎቹ ወደ ታች። ቁጥር የሚባል ነገር አልተጻፈባቸውም። ኃላፊው ወርዶ መጣና አንድ ላይ አፍጥጠን አየናቸው። ከዚያ የሌሎቹን ሣጥኖች ክዳን ፈትተን ማወዳደር ጀመርን። የአንድ ቁጥሩ ሣጥን የመጀመሪያዋ ብቻ ወደ ላይ ናት። የሁለቱ ሁለተኛዋ ብቻ። የሦስቱ ግን ሁለቱም። የአራቱ ሦስተኛዋ ብቻ።

ያኔ የቀፊራ ገበያ ታየኝ። እናቴ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት መደብ ላይ ሚዛን አለ። የብረት መመዘኛዎቿ ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው እጥፍ። በእነዚያ ብቻ የፈለገችውን ትመዝናለች፤ ሦስት ሩብ ስትፈልግ ሩቡንና ግማሹን ታስቀምጣለች። መቀያየሪያዎቹም እንደዚያው ናቸው! አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት።

«ስድስት ማለት ሁለትና አራት ነው፤» አልኩት። «አሥራ ሁለት እንዲሆን አራትና ስምንትን እናነሳለን።»

ኃላፊው መጠቅለያው ሣጥን ላይ ጣቱን አስገብቶ ሁለቷን አወረዳት፣ ስምንቷን አነሳት። እየሮጠ ደረጃውን ወጣ። እኔ ጨርቁን ያዝኩ።

«አሥራ ሁለት ተነሳ!» ብሎ ከላይ ጮኸ። «አቦ፣ ተነሳ! አሁን ስድስቱን ነኪልኝ!»

ከአዴ ጋር መሰላሉን ይዘን እየሮጥን ፈትል ክፍል ገባን። ጨርቁ ሣጥኑን ሲነካ የኃላፊው ጩኸት ከመስታወቱ ክፍል ወጣ፤ ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነበር። አዴ መሰላሉን ለቃ እልል አለች። በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የአንዲት ሴት እልልታ እንዴት እንደሚያስተጋባ ያልሰማ አያውቅም።

ያበቃ መስሎን ነበር። ሰኞ ጠዋት በእርግጥ ደስ የሚል ሆነ፤ ያለ ሰዓቱ የሚዘንብ ውኃ የለም፤ ፈትሉ እርጥበት ሲያጣ ልክ በጊዜው ይረጫል። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ክሩ እንደገና ይበጠስ ጀመር። ካድሬው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ ያየኛል።

ኃላፊውን ፍለጋ ወደ ሰሌዳው ክፍል ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ተደግፎ በመስታወቱ ቁልቁል ግድግዳውን ያያል።

«ነይ እስቲ፣ መስኮቶቹን እዪያቸው፤» አለኝ።

ግድግዳው ላይ ያሉት መስኮቶች በሙሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«ውስጡ ሲሞቅ ይከፈታሉ፤» አልኩት። «ሰሌዳው እንደዚያ ነው የተነገረው።»

«ማነው የነገረው? በረዶ ያለበት አገር ሰው! እሱ ዘንድ ውጭው ሁልጊዜ ከውስጥ ይቀዘቅዛል። እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚራ ሰፈር በስምንት ሰዓት መስኮቱን የሚከፍት ማነው?»

«እንግዳ፤» አልኩት።

«እንግዳ!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነት ነው፤ ድሬ ያደገ ሰው ጠዋት ነፋሻውን ያስገባል፣ ረፋዱ ላይ መዝጊያውን ይዘጋል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልሶ ይከፍታል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኛ ግን ማሽን ስለሆነ ከኛ ይበልጥ ያውቃል ብለን፣ የግንቦትን ትኩስ ነፋስ ወለል ባለ መስኮት እያስገባን ውኃ ስንረጭበት ከረምን።

ሰሌዳውን እንደ ድሬ ሰው እንዲያስብ አደረግነው። ከዚያ በፊት ደፍረን ያልነካናቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ እያዞርን፣ ምን እንደሚያንቀሳቅሱ እያየን፣ ለየክፍሉ የራሱን ልክ ሰጠነው። ማለዳ መስኮቶቹ ተከፍተው ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ቀዝቃዛውን ይስባል። ደጅ የተሰቀለ መለኪያ የውጭው አየር ከውስጡ እንደሞቀ ሲናገር መስኮቶቹ ይዘጋሉ፤ የውስጡ አየር በውኃው መሐል እያለፈ ይመላለሳል። ለፈትል ክፍል ብዙ እርጥበት፣ ለመጠቅለያው ትንሽ፤ ካርቶን እርጥበት ይጠላልና። አንዳንዱን በአንዴ አገኘነው፣ አንዳንዱን አበላሽተን አስተካከልነው። አዴ ከታች በእጇ ምልክት ትሰጠናለች፤ መዳፏን ወደ ላይ ካደረገች ጨምሩ፣ ወደ ታች ካደረገች ቀንሱ ማለት ነው። በመስታወቱ እያየን እንታዘዛታለን።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። በግንቦት ውስጥ፣ ከአፋር በረሃ በኩል የሚነሳው ነፋስ ከተማውን እንደ እሳት የሚጠብስበት ቀን። ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች እንኳን ከዛፍ ሥር አንነሳም ብለዋል። ተረኞቹ ሲገቡ ፊታቸው ጨፍግጓል፤ እንዲህ ያለው ቀን ምን እንደሚያመጣባቸው ያውቁታል። እኔ የሰሌዳው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የምነካው ነገር አልነበረም። መስኮቶቹ በራሳቸው ተዘጉ፤ ውኃው በራሱ ተነሳ፤ ማራገቢያዎቹ ድምፃቸውን ቀየሩ።

ወደ አዳራሹ ወረድኩ። በሩን ስከፍት ፊቴን የመታኝ አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝናብ ካባራ በኋላ እንዳለ ጠዋት። ክሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው ይሮጣሉ። ለወትሮ የተበጠሰ ለመቀጠል ከማሽን ማሽን የሚሯሯጡት ሴቶች ቆመዋል። የሚሠሩት አጥተው! አንዲቷ ሻሿን አውልቃ እንደገና በእርጋታ ታስራለች። ራሷን ስታ የነበረችው ልጅ ማሽኗ ፊት ቆማ በሩቁ አየችኝና፣ በጩኸቱ መካከል ምንም ሳትል ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች።

ካድሬው መጣ። በማሽኖቹ መካከል ከአዴ ጋር ዞረ፤ ቆመ፤ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ነፋሱን ተቀበለ። የሸሚዙን አንገት ሲያላላ አየሁት። ከዚያ ወደኔ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

«ይህ እንደዚህ ይቆያል?»

«ይቆያል!» አልኩት።

«እንግዲያው ስብሰባው ላይ ያልኩትን ስብሰባው ላይ አነሳዋለሁ!»

አነሳውም። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ አሻጥር እንዳልነበረና የጥገና ክፍሉ ፋብሪካውን እንዳዳነ ተናገረ። ጭብጨባው ሲነሳ ኃላፊያችን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎ አልጨርስ አለ። አዴ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘችኝና «ጋሪዳ፣ ልጄ፤ ጋሪዳ፤» አለችኝ። ደህና ነው፤ መልካም ነው ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራን። መቆጣጠሪያውን የተከሉት ባለሙያዎች ተመልሰው እንዲመጡ ቀደም ብሎ ጥሪ ተልኮ ኖሯል፤ መልሳቸው አሁን ነው የደረሰው፤ ሊመጡ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊዋን ቴሌግራም አስያዘ።

«ባለሙያ መላክ አያስፈልግም። አዳራሹ ደህና ነው።» ወደኛ ዞረ። «የምትጨምሩት አለ?»

«ለሽርሽር ከሆነ ይምጡ ይበሏቸው፤» አለ ኃላፊያችን። ዝምተኛው ሥራ አስኪያጅ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከመሳቢያው የሰሌዳውን ክፍል ቁልፍ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ ተጠሪ አንቺ ነሽ፤» አለኝ።

ወሬው ከኔ በፊት ቀፊራ ደርሶ ነበር። በማግስቱ በእናቴ መደብ በኩል ሳልፍ ደንበኞቿን ሰብስባ አገኘኋት። ያቺ «ዝም ብለሽ ብትቀመጪስ» ያለችኝ ሴት በአማርኛ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ታስረዳለች፣ የሶማሌዋ ጎረቤቷ እንዳይቀርባት ደግሞ በሶማልኛ ትደግመዋለች።

«በአንዲት ጣቷ ነው የምትነካው! አንዲት ጣት! ያ ሁሉ አዳራሽ በረዶ ይሆናል!»

«እንዲህ ከሆነማ ቀፊራንም ታብርድልን!» አለች ሶማሌዋ፣ በእጇ ፊቷን እያራገበች።

እናቴ ዞር ብላ ስታየኝ ጊዜ አልሰጠችኝም። «ይኸው፣ መጣች! እሷኑ ጠይቋት!» ብላ በክንዴ ሳበችኝና በርበሬው ጆንያ ላይ አስቀመጠችኝ። ያን ቀን እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ፤ ለሚመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስተርክ።